ክንፉን አንሱልኝ

(ድሬዳዋ ላይ ለተማሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው ብዙም አላስተካከልኩትም፣ አነጋገሩ እንዳለ ይቅር ብዬ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ስለ ዝንብ ለመስማት መምጣታችሁ ከልብ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የዝንብ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ክንፉን አንሱልኝ። ፊቱም ዓይኑም ያምራል፣ የሚያብረቀርቀው ሆዱም ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ስትልኩ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ክንፉ ላይ ነው። በሚላኩልኝ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ክንፉ ወይ ደብዝዟል፣ ወይ ነጸብራቅ ሸፍኖታል፣ ወይ ጭራሽ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል።

ለምን ክንፍ? ቀለም ያታልላል። አቧራ ያለብሰዋል፣ ብርሃኑ ይቀይረዋል፣ ስልካችሁም የራሱን ቀለም ይጨምርበታል። መጠንም ያታልላል። ብዙ ሰው ትንሿን ዝንብ የትልቋ ዝንብ ልጅ አድርጎ ነው የሚያያት። አይደለችም። ዝንብ የሚያድገው ትል እያለ ነው። ክንፍ አውጥቶ ከወጣ በኋላ አንዲት ሚሊሜትር አይጨምርም። ክንፉ በመጀመሪያ የተጨማደደ ነው፣ ከዚያ ፈሳሽ ይገፋበትና ይዘረጋል፣ ይደርቃል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ክንፉ ላይ እንደ መስመር የሚታዩት ሥሮች ቦታቸውን አይለቁም። ጫፉ ሊበጣጠስ ይችላል እንጂ የሥሮቹ አቀማመጥ ዝንቡ እስኪሞት፣ ከሞተም በኋላ፣ ያው ነው። መስኮት ስር ደርቆ የተገኘ ዝንብ እንኳን ክንፉ ካልተሰበረ ስሙን ሊሰጠን ይችላል።

መጀመሪያ ክንፎቹን ቁጠሩ። ዝንብ፣ ትንኝ፣ ቢምቢ የምንላቸው ሁሉ የአንድ ትልቅ ወገን አባላት ናቸው፣ እስካሁን ከ150,000 በላይ ዝርያቸው ተመዝግቧል፣ የሚበሩትም በሁለት ክንፍ ነው። ንብና ተርብ አራት አላቸው። የዝንብ የኋላ ክንፎች ተለውጠው ራሳቸው ላይ እብጠት ያላቸው ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ሆነዋል፣ ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቅባቸው እነሱ ናቸው። ጥሩ ፎቶ ላይ ከክንፉ ግርጌ ይታያሉ።

የሥሮቹ ስም አያስፈራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኮምስቶክና ኒድሃም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሁሉንም ነፍሳት ክንፍ በአንድ ዓይነት ስም ለመጥራት የሚያስችል ሥርዓት አቀረቡ፣ ዛሬም በመሠረቱ የምንጠቀመው እሱን ነው። የፊተኛው ወፍራም ጠርዝ ኮስታ ይባላል። ከእሱ ወደ ኋላ ሰብኮስታ፣ ራዲየስ፣ ሚዲያ፣ ኪዩቢተስ፣ መጨረሻ ላይ አናል። እነሱን አቋርጠው የሚያያይዙ አጫጭር ሥሮች አሉ፣ በሥሮች መሃል የሚከለለው ቦታ ደግሞ ሴል ይባላል። ለዛሬ ሚዲያን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

ቤታችሁ መስኮት ላይ ያለውን ዝንብ እንውሰድ። ከክንፉ መሃል ወደ ጫፍ የሚሄደውን ሚዲያን በዓይናችሁ ተከተሉት። ጫፍ ሊደርስ ሲል ማዕዘን ሠርቶ በድንገት ወደ ፊት ከታጠፈና ከፊቱ ካለው ሥር ጋር ሊገናኝ ከተቃረበ፣ የተለመደውን የቤት ዝንብ፣ ሙስካ ዶሜስቲካን ጠርጥሩ። መታጠፉ ለስለስ ያለ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚጎብጥ ከሆነ፣ አፉን እዩልኝ። ከፊቱ ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን ጥቁር መውጊያ ካለው ስቶሞክሲስ ካልሲትራንስ ነው፣ ጋሪ የሚጎትቱትን አህዮች እግር እግራቸውን የሚነክሰው፣ እኛንም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚወጋን። «የቤት ዝንብ ነከሰኝ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገጥመኛል። የቤት ዝንብ መንከሻ የለውም። የነከሳችሁ ይሄኛው ነው።

ሥሩ ጭራሽ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ጠርዝ ከደረሰስ? ያኔ ከክንፉ ግርጌ በኋላ በኩል ያሉትን ሁለት አጫጭር የአናል ሥሮች ተመልከቱ። የመጨረሻው ሥር ጎብጦ፣ ቢቀጥል ኖሮ ከፊቱ ያለውን ያቋርጠው ነበር የሚያሰኝ ከሆነ ፋኒያ ነው። ሳሎናችሁ መሃል፣ አምፖሉ ስር፣ ሳያርፍ በአየር ላይ ማዕዘን እየሠራ የሚዞረውን ታውቁታላችሁ። እሱ ነው፣ ወንዱ።

እንግዲህ ክንፉ የት ድረስ እንደሚወስደን እዚሁ ላይ አስተውሉ። ሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ፣ ትራኮማን ከሚያዛምቱት ዋነኛው፣ ሙስካ ሶርቤንስ ይባላል። የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። የእሱም ሚዲያ ልክ እንደ ቤት ዝንቡ በማዕዘን ይታጠፋል። ስለዚህ ክንፉ «ሙስካ ነው» ይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አይነግራችሁም። ጀርባውን ማየት አለባችሁ። የቤት ዝንብ ደረቱ ላይ ከላይ አራት ጥቁር መስመር አለው፣ ሶርቤንስ ሁለት ሰፋፊ። አንድ ከላይ የተነሳ ፎቶ ክንፉንም ጀርባውንም ይይዛል፣ ለዚህ ነው ከላይ አንሱ የምለው። ይሄ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ዝንብ ብዛት የቆሻሻ ጉዳይ ነው፣ ልጁ ዓይን ላይ ያረፈው ግን የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ የሚሠራውም ሥራ የተለያየ ነው።

ሥጋ ቤት አካባቢ ስለሚታዩት አረንጓዴና ሰማያዊ አብረቅራቂ ዝንቦች በአጭሩ ልለፍ። የእነሱም ሚዲያ ይታጠፋል። ከእነሱ ሁለቱን፣ ሉሲሊያን ከክሪሶሚያ፣ የሚለየው አንዱ ምልክት ክንፉ ግርጌ ያለው ሥር ላይ የተደረደረ ጸጉር ነው፣ ክሪሶሚያ አለው፣ ሉሲሊያ የለውም። በተራ ስልክ አይታይም። ካልታየ ስሙን አትገምቱ፣ «አብረቅራቂ የሥጋ ዝንብ» ብላችሁ ተዉት።

ከድሬ ወጣ ስንል ግመል አለ። ግመል አርቢዎቻችን ሱራ የሚባለውን በሽታ በደንብ ያውቁታል፣ ግመሉን እያከሳ የሚጨርስ። ብዙ ሰው «የደም በሽታ ከሆነ የቆላ ዝንብ ነው ያመጣው» ይላል፣ ምክንያቱም የከብቶቹን በሽታ፣ ገንዲን፣ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ፣ ፄፄ የምንለው፣ ነው። የቆላ ዝንብ ግን በአገራችን ያለው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሸለቆዎች ነው፣ በዴዴሳ፣ በጊቤና ኦሞ፣ በባሮ አኮቦ በኩል። ወደዚህ አይደለም። ሱራ የቆላ ዝንብ አያስፈልገውም። ትልልቆቹ ነካሽ ዝንቦች፣ ታባኒዶች፣ ከአንዱ ግመል ደም በአፋቸው ይዘው ሌላው ላይ ሲያርፉ ያዛምቱታል፣ ስቶሞክሲስም ያግዛቸዋል።

ፎቶ ላይ እንዴት ይለያሉ? በጣም ቀላል ነው፣ ይሄን ሳስተምር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። የቆላ ዝንብ ሲያርፍ ሁለቱን ክንፎች አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ ይደርባቸዋል፣ ከላይ ስታዩት አንድ ክንፍ ብቻ ያለው ይመስላል። ክንፉን ከዘረጋችሁት መሃሉ ላይ ያለው ሴል ቁርጥ መጥረቢያ ነው፣ እጀታውም ስለቱም ያለው። ሌላ ዝንብ ላይ እንዲህ ያለ ሴል አታገኙም። ታባኒድ ደግሞ ከራዲየስ የወጣ አንድ ሥር ወደ ጫፉ ሲቃረብ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ቅርንጫፍ ከክንፉ ጫፍ ፊት፣ ሌላው ከጫፉ ኋላ ያርፋል። ጫፉ መሃላቸው ይቀራል። ከታባኒዶቹ አንዱ፣ ሄማቶፖታ፣ ክንፉ በሙሉ ግራጫና ነጭ ዥንጉርጉር ስለሆነ ሥሮቹን ሳትቆጥሩም ታውቁታላችሁ። ግመሉ ላይ ጠፍጥፎ የሚለጠፈው፣ ብታባርሩትም ወደ ጎን እየሮጠ ጸጉር ውስጥ የሚገባው፣ ሂፖቦስካ ነው። የእሱ ሥሮች በሙሉ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠጋግተው ተከማችተዋል፣ የኋላው ግማሽ ባዶ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ትንኝ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እወስዳለሁ፣ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም የከተማችን ነገር ነው።

ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ መታት። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ፣ ስንቱ ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ እንደተኛ ታስታውሳላችሁ። በ2022 ደግሞ ወባ፣ ያውም ይቀንሳል በሚባልበት በደረቁ ወቅት። ተመራማሪዎች ያንን ወረርሽኝ ከአኖፊለስ ስቴፈንሳይ ጋር አያይዘውታል። ይቺ ትንኝ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለችም። የመጣችው ከደቡብ እስያና ከአረቢያ በኩል ነው። ጅቡቲ ላይ በ2012 ታየች፣ እኛ አገር ቀብሪ ደሃር ላይ በ2016 ተገኘች። ከለመድነው የወባ ትንኝ የሚለያት ከተማ መውደዷ ነው። ኩሬና ረግረግ አትጠብቅም። ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ሮቶና በርሜል የሌለው ግቢ የቱ ነው?

ስለዚህ ድሬ ውስጥ ግድግዳ ላይ ያረፈች ትንኝ ፎቶ ዋጋ አለው። እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። የትንኝ ክንፍ ሥሮች በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈኑ ናቸው። የእነዚያ ቅርፊቶች ቀለም ነው የሚመራን። ፊተኛው ጠርዝ ላይ ጥቁርና ገርጣ ያለ ቀለም እየተፈራረቀ ነጠብጣብ ከሠራ አኖፊለስ ናት ብላችሁ ተነሱ። ኤዴስ ኢጂፕታይ፣ የደንጊና የቺኩንጉንያዋ፣ ክንፏ ላይ ነጠብጣብ የላትም፣ ጥቁር ነው። ነጩ ያለው እግሯና ደረቷ ላይ ነው፣ ደረቷ ላይ ጎንና ጎኑን ጎብጦ የወረደ ነጭ መስመር አለ። ኩሌክስ፣ ማታ ጆሯችን ስር የምታዜመው ቡናማዋ፣ ክንፏ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። አቀማመጧም ይረዳል፣ አኖፊለስ ስታርፍ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ዘንበል ትላለች።

ከዚያስ? ነጠብጣቡን አይቼ «ስቴፈንሳይ ናት» ማለት እችላለሁ? አልችልም፣ እናንተም አትበሉ። የለመድናት የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ክንፏ ነጠብጣብ አለው፣ እግሯም ዥንጉርጉር ነው፣ የስቴፈንሳይም እንዲሁ። ሁለቱን ለመለየት የነጠብጣቡን ዝርዝር አቀማመጥ፣ ከመውጊያው ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ዘንጎች ቀለበቶችና የደረቱን ቅርፊት በማጉያ ማየት ያስፈልጋል። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ የዘረመል ምርመራ። የእናንተ ፎቶ የሚሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። «ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሮቶ አጠገብ፣ በደረቅ ወር፣ ክንፏ ነጠብጣብ ያላት ትንኝ» የሚል መረጃ ባለሙያ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል።

አንድ ነገር አደራ፣ በእጃችሁ አትጨፍልቋት! ቅርፊቱ ይራገፋል፣ ነጠብጣቡ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር የለም። ብርጭቆ ድፉባት፣ ወረቀት ከስር አስገቡ፣ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ደቂቃ አቆዩአት። ስትበርድ ትረጋለች።

ከትንኝ ወደ ቀፊራ ገበያ እንሂድ። ማንጎና ዘይቱን ሲቆረጥ ትል የሚገኝበት ወቅት አለ፣ ገበሬውም ሻጩም ይከስራል። ከዚህ ጥፋት በስተጀርባ በዋናነት ሁለት ዝንቦችን ማወቅ አለባችሁ፣ ክንፋቸው ደግሞ እንደ ተሰጠ መታወቂያ ነው። አንዱ ሰራታይቲስ ካፒታታ ነው፣ አጠር ሰፋ ያለ ክንፍ ላይ ቢጫና ቡናማ ጥብጣቦች፣ ግርጌው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ጭረቶች። ሌላው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ፣ ከእስያ የመጣው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ላይ ነው አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው። ሳይንቲስቶች በ2005 አዲስ ዝርያ መስሏቸው ሌላ ስም ሰጡት፣ በ2015 ግን ያው የእስያው መሆኑ ታምኖ ስሙ ተጠቃለለ። የእሱ ክንፍ ጥርት ያለ ነው፣ ፊተኛው ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ኋላ ግርጌው ላይ አንድ ጭረት፣ ሌላ ምንም። ዱባና ሐብሐብ ላይ የሚመጣው ዘመዳቸው ደግሞ ያ የፊቱ መስመር ክንፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰፍቶ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ስሙ ምን ያደርግልናል ለምትሉ፣ መልሱ ወጥመዱ ውስጥ ነው። የባክትሮሴራ ዶርሳሊስን ወንዶች ሜቲል ዩጂኖል የሚባል ሽታ ይስባቸዋል። ሰራታይቲስ ካፒታታን አይስበውም፣ እሱ ሌላ ሽታ ነው የሚፈልገው። የማንጎ ማሳው ውስጥ ያለው አንዱ ሆኖ ወጥመዱ የሌላው ከሆነ፣ ገበሬው ባዶ ወጥመድ እያየ «የለም» ብሎ ይቀመጣል፣ ፍሬው ግን ይበሰብሳል። አንድ ንጹሕ የክንፍ ፎቶ ያንን ኪሳራ ያስቀራል ብዬ አምናለሁ።

አበባ ላይ ያለውንም አትርሱት። አበባ ላይ እያንዣበበ ንብ የሚመስል ዝንብ አለ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ሰው እየፈራ ይገድለዋል። አይናደፍም። ሲርፊድ ይባላል፣ አበባ ያዳቅላል፣ የብዙዎቹ ትል ደግሞ አትክልት ላይ ያለውን ክሽክሽ ይበላል። ክንፉን ስታዩ ራዲየስና ሚዲያ መሃል ከየትም ያልተነሳ፣ የትም ያልደረሰ፣ ደብዘዝ ያለ መስመር አለ። እውነተኛ ሥር አይደለም፣ የክንፉ እጥፋት ነው፣ ግን መላው ቤተሰቡ ማለት ይቻላል ይሄ መስመር አለው። እኔ ከክንፍ ምልክቶች ሁሉ ይሄን ነው የምወደው። አንዴ ካያችሁት በኋላ ሲርፊድ ከሌላ ዝንብ ጋር አይምታታባችሁም።

ስለ አነሳሱ ጥቂት ልበል። ስልካችሁ ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ስልኩ ካዘመመ የክንፉ ግማሽ ይደበዝዛል። ሥሮቹን ለማየት ከስር ነጭ ወረቀት፣ ብርሃኑ ከጎን፣ ፍላሽ ጠፍቶ። ዙም አታድርጉ፣ ስልኩ ራሱ መስመር እየፈጠረ ይሞላባችኋል፣ ትንሿን የማክሮ ሌንስ ግዙና ጠጋ በሉ። ያንኑ ክንፍ ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁም አንሱት። ስስ ክንፍ ጥቁር ላይ ሲሆን አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ ቀለም ያወጣል። ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ነጸብራቅ ነው ተብሎ ሲታለፍ ኖሮ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የቀለሙ አቀማመጥ የተረጋጋና ከዝርያ ዝርያ የሚለይ መሆኑን አሳየ። ቀለሙ የሚመጣው ከክንፉ ውፍረት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ግን አይታይም።

ስትልኩ ደግሞ አቦ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ያንሳል፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይጠፋሉ። ከጎኑ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ይኑር፣ መጠኑ እንዲታወቅ። የት ሰፈር፣ መቼ፣ ምን ላይ እንዳገኛችሁት ጻፉ። «ገራባ (የጫት ትራፊ) የሚበላ ፍየል ላይ» የሚል አንድ መስመር እኔን ከአንድ ተጨማሪ ፎቶ በላይ ይረዳኛል።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ እዚህ ላካትተው። «ታዲያ ፎቶ ብቻውን ለአዲስ ዝርያ ስም ማውጣት ይበቃል?» አለችኝ። በ2015 ይሄው ጥያቄ ዓለምን አወዛግቦ ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የታየን አንድ ዝንብ አካሉ በእጃቸው ሳይኖር፣ በፎቶ ብቻ፣ ማርሌይሚያ ዛይሎፖዳ ብለው አዲስ ዝርያ አድርገው ሰየሙት። በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ተቃውሞ ፈረሙ። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ፎቶ ላይ ያልተነሳውን ጎን ነገ ማየት ብንፈልግ ወዴት እንሄዳለን? ጸጉሩን መቁጠር፣ ዘረመሉን ማውጣት ብንፈልግስ? ለታወቀ ዝርያ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ለአዲስ ግን አካሉ መኖር አለበት።

ስለዚህ ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ ዝንቡንም አስቀምጡት አልኳት። ትንኝ ከሆነች አልኮል ውስጥ አትክተቷት፣ ቅርፊቷ ይለቃል። በደረቁ ነው የምትቀመጠው፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ክዳን ያለው ብልቃጥ ስር አድርጉ፣ ላይዋ ላይ ሶፍት፣ ከዚያ ትንኟን። ቀኑንና ሰፈሩን በእርሳስ ጽፋችሁ እዚያው ውስጥ ክተቱ፣ እስክሪብቶ ይለቃል። ብልቃጡን ጤና ጣቢያ ስትወስዱ ፎቶውንም አብራችሁ አሳዩ።